በቀጭን ጭኔ ውስጥ የተገኘው ጮማ

ሰው ቀጭን ከሆነ ጤነኛ ነው ብዬ አምኜ ነው ያረጀሁት። ስኳር በሽታ የሚባለው ደግሞ ወንበር የሚሞላ፣ ደረጃ ሲወጣ የሚያለከልክ፣ ከቤቱ ሥጋ የማይጠፋ ሰው በሽታ ነው ብዬ። እኔ ቀሚሴ ውስጥ ሌላ ሴት ብትጨመር ይበቃናል። ነፋስ ሲነሳ "ነጠላዋን ተዉት፣ እሷን ያዙልን" እያሉ ጎረቤቶቼ ይቀልዱብኛል። ስለዚህ የልጅ ልጄ አንድ ቅዳሜ መጥታ "እማማ፣ ለጥናት ጤነኛ አሮጊት ተፈልጋ ነበር" ስትለኝ ብዙም አላሰብኩበት። "ካንቺ የምደብቀው ምን አለኝ፤ ውሰጂኝ" አልኳት።

ይቺ ልጅ የአንድያ ልጄ የመጀመሪያ ልጅ ናት። የምትማረው የሰውን አካል ሳይቀድዱ በማሽን ውስጡን ማየት ነው። መጀመሪያ የነገረችኝ ጊዜ ፎቶ አንሺነት መስሎኝ "ለዚህ ነው ይኼን ሁሉ ዓመት ስትማሪ የከረምሽው?" ብያት ተቀይማኝ ነበር። አስተማሪዋ ሐኪም ናት። የስኳር በሽተኞችን ጭን በማሽኑ እያነሳች፣ በሥጋው መሐል ምን ያህል ስብ እንደገባ ትለካለች፤ ከዚያ ስኳር ከሌለባቸው እኩዮቻቸው ጋር ታስተያያለች። የልጅ ልጄ ለጤነኞቹ ወገን እኔን አጨች። ጎረቤቴንም አብራ ጠየቀቻት፤ ደሟ ታይቶ ወደ አንዱ ወገን ትመደባለች ተባለ። ወደየትኛው እንደምትመደብ ግን፣ ይቅር ይበለኝና፣ ሁላችንም በልባችን ፈርደን ጨርሰን ነበር።

ጎረቤቴ ባለ ጉሊት ናት። ከየካ ሚካኤል በላይ ወጥታ፣ እንጦጦ ጥግ ከሚያርሱት ሰዎች ጎመንና ድንች ትረከባለች፤ አዝላ አውርዳ መንገድ ዳር ትሸጣለች። ከእኔ ብታንስ በሁለት ዓመት ነው። ሰውነቷ ግን ሌላ ነው፤ ታክሲ ስትገባ ሦስት ሰው የሚቀመጥበት ለሁለት ይሆናል። እኔ "አንቺ ድልብ" እላታለሁ፤ ታስሮ እየተቀለበ የሚሰነብት በሬ ማለቴ ነው። እሷ ደግሞ "አንቺ ሰንበሌጥ" ትለኛለች። አንድ ፋሲካ ጮማ ስትመርጥ አይቼ "አንቺን ራስሽን ቢያርዱሽ ሰፈሩ በቅርጫ አይጨርስሽም" ብያት ስቃ ስቃ እንባዋን ነው የጠረገችው። በእኔ ቀልድ የምትስቅ እሷ ብቻ ናት።

ስለ እግሬም ትንሽ ላውራ፤ ካላወራሁ የኋላው አይገባችሁም። በጉልበቴ ዘመን የእንጦጦን ዳገት በቀን ሁለት ጊዜ እወጣው ነበር። የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ጠርጌ፣ በመጫኛ ጠፍሬ፣ ከቁመቴ የሚረዝም ሸክም በጀርባዬ አጋድሜ ቀበና ድረስ አወርዳለሁ። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ከፊት የሚመጣ ሰው አጥር ተጠግቶ ያሳልፈኛል። ባቴን በጣት ቢነኩት ድንጋይ ነው። ልጄን ያሳደግሁት በዚያ ነው። ፊደልም የለየሁት የሱን ደብተር ከጀርባው ቆሜ እያየሁ ነው እንጂ ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። እሱ ገና ትንሽ ሳለ የካ ሚካኤል ቆሞ ተስሏል፤ "ሥራ የያዝኩ ቀን የእናቴ ጀርባ ሸክም አይነካውም" ብሎ። ስለቱን የነገረኝ ሥራ በያዘ ማግስት ነው። መጫኛዬን ከግድግዳው አውርዶ ይዞት ወጣ፤ የት እንዳደረሰው አላውቅም። እኔም እንዲያው የልጅ ፍቅር ነው ብዬ፣ ለምን እንደተሳለ አልጠየቅኩትም።

ከዚያ በኋላ ሥራ አልፈታሁም፤ የሰው ልብስ እያጠብኩ ብዙ ዓመት ቆየሁ። ያንንም አስጣለኝና ተጧሪ ሆንኩ።

በእኛ ዘንድ መጦር ማለት ማብላት ብቻ አይደለም። ከመቀመጫ አለማስነሳት ነው። ከወንበሬ ብድግ ስል ቤቱ በሙሉ አብሮኝ ብድግ ይላል። ውሃ ልቅዳ ስል "እኛ ሞተናል እንዴ?" ይሉኛል። አንድ ቀን ደጃፉን ልጥረግ ብዬ መጥረጊያ ብይዝ ልጄ ሮጦ መጥቶ ቀማኝ፤ "ሰው ቢያይ ምን ይለኛል?" አለኝ። ቤተ ክርስቲያን በመኪናው ያደርሰኛል፤ እግሬ መሬት የሚነካው ከመኪናው በር እስከ ደጀ ሰላሙ ነው። ያየኝ ሁሉ "ታድለሽ" ይለኛል። እኔም ታድዬ ነበር፣ አልዋሽም። ሦስት ማንኪያ ስኳር የገባበት ሻይ በጧት፣ ሦስት ማንኪያ የገባበት በአሥር ሰዓት፣ ጠያቂ በመጣ ቁጥር ደግሞ ለስላሳ። እንዲህ ሆኜ ዘጠኝ ዓመት ተቀመጥኩ። ባቴ ሲሟሽሽ፣ ቀሚሴ ሲሰፋኝ "ዕድሜ ነው" አልን።

የፎቶው ቀን ሁለታችንም ሳንበላ በጧት ሄድን። መጀመሪያ ደም ቀዱን። ቀጥሎ ብረት ነገር ሁሉ አውጡ ተባልን፤ ማሽኑ ትልቅ ማግኔት ነው። የአንገቴን መስቀል ከማተቡ ፈትቼ ሰጠሁ። የአንገቴን ንቅሳት ሳይቀር በምን እንደተነቀስኩ ጠየቁኝ፤ በጥላሸት ነው አልኳቸው። ጨረስኩ ብዬ ልገባ ስል የልጅ ልጄ የውስጥ ቀሚሴን ጠርዝ ዳበሰችና ከነክሩ የተሰካ መርፌ መዘዘች። ቀዳዳ ባየሁ ቁጥር እንዳላስስ ብዬ የምሰካው ነው። ልጅቷ ፊቷ ነጣ።

"እማማ፣ ይኼ እኮ እዚያ ውስጥ ቢገባ ይበር ነበር።"

"መርፌ ክንፍ የለውም" አልኳት። አልሳቀችም።

ማሽኑ የዳቦ ቤት ምድጃ አፍ ይመስላል። በእግሬ በኩል አስገቡኝ፤ ጆሮዬን ደፈኑልኝ። ከዚያ ቆርቆሮ የሚቀጠቅጡ ሰዎች ጭንቅላቴ ላይ ሥራ ጀመሩ። "አትንቀሳቀሺ" ስላሉኝ አልተንቀሳቀስኩም፤ አለመንቀሳቀስ እንደሆነ ለምጄዋለሁ። ጎረቤቴ ስትገባ ግን ዳሌዋ ጋ ሲደርስ የተኛችበት አልጋ ቆመ። እንደምንም አመቻችተው አስገቧት። ስትወጣ ላብ በላብ ሆና "ይኼን ነገር የሠራው ሰው የለካው በአንቺ ነው፣ ሰንበሌጥ" አለችኝ።

"አንቺን ነገ ደግሞ የቀረውን ግማሽሽን ሊያነሱ ቀጥረውሻል" አልኳት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተጠራን። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፤ ከወንበሯ ተነስታ ነው የተቀበለችን። የልጅ ልጄ ኮምፒውተሩ አጠገብ ቆማለች። ከገባን ጀምሮ ዓይኔን አላየችኝም፤ ያኔ አልገባኝም።

ኮምፒውተሩ ላይ ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን አለ። ጭን በአግድም ቢቆረጥ እንደሚታየው ነው አለችን ሐኪሟ። ቆዳውንና ከቆዳው ሥር ያለውን ስብ ለይተው አውጥተውታል፤ የቀረው አጥንቱና በዙሪያው ያለው ሥጋ ብቻ ነው። ጥቁሩ ሥጋ ነው፣ ነጩ ስብ።

እኔ እንግዲህ ስንት ዓመት የፋሲካ ቅርጫ መደብ ሲደለደል ቆሜ ያየሁ ሰው ነኝ። ሥጋ ለማወቅ ሐኪም አያስፈልገኝም። በግራ ያለው ጥቁርና ድፍን ነው፤ ያረሰ በሬ ሥጋ ነው። በቀኝ ያለው ግን በነጭ ተተልትሏል። እንደ ድር የሄደ አለ፣ እንደ ጅረት ገብቶ የተኛ አለ፤ አንዳንዱ ቦታማ ሥጋው ራሱ ጠፍቶ ነጩ ብቻ ቀርቷል። ምስኪን ጎረቤቴ አልኩ በልቤ። ስንት ዓመት እንደዚያ ስቀልድባት መኖሬም አሳፈረኝ። እጇን ያዝኩና "አይዞሽ፣ እግዚአብሔር ያውቃል" አልኳት። እሷም ዓይኗ እንባ አቅርሮ "ምን ላድርግ እቴ፣ ያወቅኩት ነው" አለችኝ።

ሐኪሟ ጉሮሮዋን ጠረገች። "እናቴ፣ በቀኝ ያለው የእርስዎ ነው" አለች።

"የማን?"

"የእርስዎ። በግራ ያለው የሳቸው ነው።"

ጎረቤቴ እጇ በእጄ ውስጥ እንዳለ ደረቀ። እኔ ወደ ጭኔ ጎንበስ ብዬ አየሁ። ቀሚሴ ሥር ያለው ያው ጭን ነው፤ ቀጭን፣ በሁለት እጅ የሚጨበጥ። እዚያ ውስጥ ያ ሁሉ ጮማ የት ነው የሚገባው? የልጅ ልጄን አየኋት። ራሷን ነቀነቀች፤ "ሦስት ጊዜ ነው ቼክ ያደረግነው፣ እማማ" አለች።

ቀጥሎ ደሜን ነገሩኝ። ሳልበላ በተቀዳው ደም ውስጥ ስኳሩ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። እዚያው ሌላ ደም ወስደው ቆዩና ያው ነው አሉኝ። ስኳር በሽታ አለብኝ። ከጤነኞቹ መዝገብ ወጥቼ ከበሽተኞቹ ጋር ተጻፍኩ። ጎረቤቴ በእኔ ቦታ ገባች። እሷንም በባዶ አልተዋትም፤ ደም ግፊትሽ ከፍ ብሏል፣ ክብደትም ቀንሺ አሏት። ደሟ ግን ከስኳር ንጹሕ ነው።

የካ ሚካኤል ደጅ የተቆረጠ እግሩን ዘርግቶ የሚቀመጥ ሰው አለ። ስኳር ነው የበላው ይላሉ። ሐኪሟ የምትለው ሳይሰማኝ እሱን በሐሳቤ እያየሁ ቆየሁ። ጆሮዬ ሲመለስልኝ እንዲህ እያለች ነበር፦

"የምንበላው ምግብ ስኳር ሆኖ ደም ውስጥ ይገባል። አብዛኛውን ተቀብሎ የሚያስቀምጠውና የሚያቃጥለው ጡንቻ ነው። በተለይ የጭንና የባት ጡንቻ ትልቅ ጎተራ ነው። ስብ በጡንቻው መሐል ሲገባ ጎተራው ይጠብና በሩ አልከፈት ይላል። ስኳሩ ደጅ ይቀራል፤ ደም ውስጥ ይከርማል። ከውጭ የሚታይ ውፍረት ብቻውን ይኼን አይነግረንም። ለዚህ ነው ፎቶ የምናነሳው።"

"ጮማው ነው ስኳሩን ያመጣው ወይስ ስኳሩ ጮማውን?" አልኳት።

ፈገግ አለች። "እኛም የምናጠናው እሱን ነው። ሁለቱ ሳይረዳዱ አይቀሩም። ዝም ብሎ መቀመጥ ግን ሁለቱንም ይረዳቸዋል። እርስዎ ቀን ቀን ምን ይሠራሉ?"

"እኔማ ምን እሠራለሁ፣ ልጄ እየጦረኝ ነው" አልኩ። እንደ ሁልጊዜው ኮራ ብዬ ነው ያልኩት። የልጅ ልጄ ወለሉን ታያለች። ያኔ ነው ነገሩ ከእግሬ እስከ ራሴ የመጣብኝ። በሬ እንዲደልብ ምን ያደርጉታል? ያስሩታል፤ አያስነሱትም፤ እፊቱ ድረስ ያመጡለታል። ሲያርስ የኖረው በሬ ሥጋው ቀይ ነው። ጎረቤቴ በየቀኑ ድንች አዝላ ዳገት ትወርዳለች።

"ድልቧ እኔ ነኝ ለካ" አልኳት ወደሷ ዞሬ።

እሷ በዚህ አልሳቀችም። ዕድሜ ልኳን ልትመልስልኝ የምትፈልገው ቀልድ እጇ ላይ ወድቆላት አላነሳችውም። ይኼ ራሱ አስደነገጠኝ።

ሐኪሟ ክኒን አዘዘችልኝ፤ ስኳሩንና ለስላሳውን ከለከለችኝ። ከሁሉ በላይ ግን ይራመዱ አለችኝ፤ በየቀኑ፣ እየጨመሩ፣ ዳገት ከቻሉ ዳገት። ይመለሳል ወይ ብዬ ጠየቅኳት። "እንደ ድሮው ይሆናል አልልዎትም። ግን የሚሠራ ጡንቻ ይሻሻላል" አለች።

ሁሉም ቀላል ነበር፤ ለልጄ መንገሩ ነው የከበደኝ።

እሑድ ምሳ ላይ ነገርነው። የልጅ ልጄ ፎቶውን በስልኳ ይዛው መጥታ ነበር። አባቷ ጉርሻውን እንደያዘ ዓይኑን ተክሎ አየው።

"ይኼ የሌላ ሰው ነው" አለ።

"አባዬ፣ የሷ ነው።"

"ስም ተቀያይሮ ነው። እናቴን ተመልከቻት እስቲ። የት ጋ ነው ይኼ?"

"ከውጭ አይታይም። መቀመጡ ነው አባዬ፣ ስትቀመጥ ጡንቻው..."

"ምን ሆና ነው የምትቀመጠው? ማን ሆኖ ነው ያስቀመጣት? እኔ ነኝ ያስቀመጥኳት።" ድምፁን አላነሳም። የልጅ ልጄ አፏን ያዘች።

እኔ ማለዘቤ ነበር። "ልጄ፣ ክፉ አላደረግክም። በሬም እኮ ሲወዱት ነው የሚቀልቡት" አልኩት። ከአፌ ሲወጣ ነው የሰማሁት።

ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መለሰው። "በሬ አደረግኩሽ ማለት ነው?" አለኝ። ከዚያ ወጥቶ ደጃፍ ላይ ቆመ። እስኪመለስ ድረስ ማንም አልበላም።

ሲመለስ ሁሉንም በሥርዓት ተናገረ። መድኃኒቱን ራሱ ያመጣል። ከቤት ውስጥ ስኳር ይወጣል። እህሉም እንደታዘዘው ይሆናል። ሌላ ሐኪምም ያሳየኛል። "ዳገት ግን አትወጪም" አለ። "ግቢው ውስጥ ዞር ዞር በይ፣ ይበቃል። ለሚካኤል የገባሁትን ቃል አላፈርስም።"

ግቢያችን ሰባት እርምጃ ነው። ዘጠኝ ካልኩም ልብስ ማስጫውን ቆጥሬ ነው። እሱ ስለቱን ይዟል፣ እኔ እግሬን። ሁለቱ አንድ ቤት ውስጥ አይኖሩም፤ ያን ቀን ገባኝ።

ሰኞ እሱ ሥራ ሲሄድ ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁ። ጎረቤቴ ከየካ ሚካኤል በላይ ያለው መታጠፊያ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ሌባ ይመስል ሁለታችንም ግራ ቀኝ አየን።

ያ መንገድ የእኔ መንገድ ነው። ድንጋዩን በጨለማ አውቀው ነበር። አሁን ግማሹ አስፋልት ሆኗል፤ ላይ ወደ እንጦጦ ፓርክ የሚሄዱ መኪኖች ይመላለሱበታል፤ ወጣቶች ስፖርት ለብሰው ይሮጡበታል። እኔ ስንት ጊዜ የወጣሁበት ዳገት ነው ብዬ በልበ ሙሉነት ገባሁበት። ሃምሳ እርምጃ አልሄድኩም፤ ጭኔ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ብርድ የመታው ሰው እንደሚንቀጠቀጠው ነው፤ የእኔ አልመስል አለኝ። የሰው አጥር ይዤ ቆምኩ። ሸክም የለኝ፣ ባዶ እጄን ነኝ። በዚህ መንገድ ላይ ያን ሁሉ ቅጠል ያወረደ እግር እኔን ብቻ መሸከም አቃተው። ፎቶውን ካየሁበት ቀን የበለጠ የደነገጥኩት እዚያ አጥር ሥር ነው። ፎቶ ቢሆን ሊስት ይችላል፤ ጭን አይስትም።

"እንመለስ?" አለችኝ ጎረቤቴ።

"ነገ እስከዚያ ምሰሶ ነው" አልኳት። በነጋታው እስከ ምሰሶው ሄድኩ። ከሳምንት በኋላ ምሰሶውን አለፍኩት። ልጄ ከሥራ ሲመለስ ወንበሬ ላይ ያገኘኛል። ጫማዬን አጥቤ አስቀምጣለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ልጄን ማታለል ጀመርኩ፤ በጸሎቴም ይኼን ማታለሌን ነው ቅድሚያ የምናዘዘው።

ወር ሊሞላን ሲል ነው የተያዝነው። ጎረቤቴ ጎመኗን ተረክባ ስንወርድ ሁለት እስር እኔ ያዝኩላት። በክንዴ እንጂ በጀርባዬ አይደለም። አንድ የምናውቃት ሴት ከታች ስትወጣ አየችን፤ ሰላም ብላን አለፈች። እንዴት እንዳወራችው አላውቅም። ብቻ ጥቂት ቆይቶ የልጄ መኪና ዳገቱን ሲያጓራ መጥቶ አጠገባችን ቆመ። ወርዶ የኋላውን በር ከፈተ።

"ግቢ" አለኝ።

"አልገባም።"

"እማዬ፣ ሰው እያየን ነው።"

"ይየን።"

"'እናትህ ሸክም ጀመረች' ብለው ደወሉልኝ። ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ሰው መሐል።"

"ሁለት እስር ጎመን ሸክም ነው?"

"ለእኔ ነው።"

ጎረቤቴ ጣልቃ ገባች። "ጎመኑ የእኔ ነው፣ ልጄ። ካሰርክም እኔን እሰር፤ የሐኪም ትእዛዝ ከሆነም ክብደት ቀንሺ የተባልኩት እኔ ነኝ።"

እሱ አላያትም። እኔን ነው የሚያየው፤ እንዲያውም እኔን አልነበረም፤ ከኋላዬ ያለውን ቁልቁለት ነበር። "አንቺ ብድግ ባልሽ ቁጥር እኔ ምን እንደማይ ታውቂያለሽ?" አለኝ። "እዚህ ነበር እኮ። አስፋልት ከመሆኑ በፊት። ክረምት ነበር፤ ድጡ አዳለጠሽና በግንባርሽ ወደቅሽ፣ ሸክሙ ከላይሽ። ፊትሽ ጭቃ ውስጥ ነው። ላነሳው ሞከርኩ። መጫኛውን በጥርሴ ልፈታ ሞከርኩ። ትንፋሽሽ ሲቆራረጥ ይሰማኛል፤ ሰው የለም። ያን ዕለት ወርጄ ነው የተሳልኩት።"

"መቼ ነው ይኼ?" አልኩት።

ትክ ብሎ አየኝ። "ረሳሽው?"

ረስቼዋለሁ። ሸክም የሚሸከም ሰው ይወድቃል፤ ስንቱን አስታውሳለሁ። እኔ የረሳሁትን አንድ ቀን ልጄ ይዞት አድጎ፣ ይዞት ተምሮ፣ ይዞት ሚስት አግብቶ፣ እኔን በሱ ሰበብ አስቀምጦ ሲጠብቀኝ ኖሯል። እንዲህ ያለ ነገር በማሽንም አይታይም።

"ከወደቅኩ በኋላ ምን ሆነ?" አልኩት።

"ራስሽ ተነሳሽ።"

"ከዚያስ?"

"ተሸክመሽ ወረድሽ።"

"ያነሳኝ ይኼ እግር ነው፣ ልጄ" አልኩት። "አሁን ብወድቅ አያነሳኝም። በፎቶ አይተኸዋል።"

እጁ የመኪናውን በር እንደያዘ ነው። እኔ ጎመኑን ለጎረቤቴ ሰጠኋት፤ ቢያንስ እሱን ልተውለት ብዬ። ወደ ቤት አልዞርኩም። የወረድነውን ዳገት መልሼ ልወጣው ፊቴን ወደ ላይ አዞርኩ። ለምን እንደዚያ እንዳደረግኩ እኔም አላውቅም፤ ያን ቀን ድርሻዬን ጨርሻለሁ እኮ።

በሩ ሲዘጋ ሰማሁ። ሞተሩ ሲነሳም ሰማሁ። ሄደ ብዬ ነበር። መኪናው ግን ከኋላዬ በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ ይከተለኝ ጀመር። እኔ ስራመድ ይራመዳል። የአደጋ መብራቱን እያብለጨለጨ ነው። አንድ ሚኒባስ ጥሩምባ ነፍቶ አለፈን፤ ረዳቱ በመስኮት ብቅ ብሎ "እማማ፣ መኪናው እኮ ባዶ ነው፣ ይግቡበት" አለኝ።

"ተዋት፣ አጀቧ ነው" አለችው ጎረቤቴ ከኋላ።

ጭኔ ተንቀጠቀጠ። ዳር ይዤ ቆምኩ፤ መኪናውም ቆመ። የበሩን መከፈት ጠበቅኩ። አሁን ይወርዳል፣ አሁን ክንዴን ይይዛል፣ አሁን "ተቀመጪ" ይለኛል ብዬ ጀርባዬን ሰጥቼ ቆየሁ። አልተከፈተም። ዞሬ ላየው ፈለግኩና ፈራሁ። እግሬን አነሳሁ፤ መኪናውም ተነሳ።